በጅማ ክረምት ግንባታ ላይ፦ ጉድጓዱ፣ አጠናው፣ ሽቦው

በቀን መቁጠሪያው ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። ጅማ ላይ ግን ዝናቡ ቀኑን አይጠብቅም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያልዘነበበት ቀን ብርቅ ነው። «ክረምቱ እስኪያልፍ ይቁም» የሚለው ምክር እዚህ ከተማ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለሚሆን ማንም አይሰማውም። ሥራው እንደሚቀጥል ይታወቃል። ስለዚህ ባለቤቱም፣ ኮንትራክተሩም፣ ፎርማኑም ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚቀጥል በዝርዝር ማወቅ አለባቸው።

የክረምት አደጋ ምንጩ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሳይቱን ይለውጠዋል፣ ሠራተኛው ግን የሚገባው ትናንት ያየውን ሳይት እያሰበ ነው። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው የጉድጓድ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል፣ የጠበቀው ማሰሪያ ላልቷል፣ በደረቅ መሬት የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ኩሬ ውስጥ ተኝቷል። ከሁሉም ቶሎ የሚገድለው አፈሩ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

አፈሩ

ወደ ጅሬን ሽቅብ ስንወጣ መሬቱ ቀይ ሸክላ ነው። ወደ ቦዬና ወደ ኪቶ ሜዳ ስንወርድ ጥቁሩ ዋልካ፣ ገበሬው ኮቲቻ የሚለው፣ ይጀምራል። ቀዩ አፈር አታላይ ነው። በበጋ ሲቆፈር 2 እና 3 ሜትር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የዶማው ምልክት እንኳ ሳይጠፋበት ሳምንታት ይቆያል፤ ቆፋሪው የሚያምነውም ይህንን አይቶ ነው። ዝናብ ሲገባበት ግን አፈሩ ይከብዳል፣ አያይዞ የያዘው ጥንካሬ ይላላል፣ ከግድግዳው ጀርባ የተጠራቀመው ውሃም ወደ ጉድጓዱ ይገፋል። ሦስቱ ባንዴ ሲመጡ ግድግዳው በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። ዋልካው ደግሞ በበጋ ስለሚሰነጠቅ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ትልልቅ ጓል እየነቀሉ ይጥሉታል፤ ቀጥሎ ያብጥና የተደገፈበትን እንጨት ይገፋል።

አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1.8 እስከ 2 ቶን ይመዝናል። ሁለት ቪትዝ መኪና በአንድ ሰው ላይ እንደ መውደቅ ነው። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖም ሊሞት ይችላል፤ አየር ባወጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ደረቱ ይጠጋል፣ መልሶ መሳብ ያቅተዋል።

የተለመደው ደንብ ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ቦይ ሳይደገፍ ወይም ጎኑ ሳይጋደል ሰው አይግባበት ይላል። በክረምት 1.2 ሜትር ላይ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ጎንበስ ብሎ የሚቆፍር ሰው በዚያ ጥልቀትም ቢሆን ጭንቅላቱ ከአፈሩ አፍ በታች ነው። ዝናብ የጠጣ አፈር ሲጋደል ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት ወደ ጎን 1.5 ሜትር መከፈት አለበት።

ይህ ደንብ ለምን እንደማይከበር ሒሳቡ ያሳያል። 2 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቀጥ ብሎ ሲቆፈር በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ሁለቱም ጎን በ1.5 ለ1 ከተጋደለ 8 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ አራት እጥፍ። ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ በፕላኑ ላይ ባለው ልክ ስለሚታሰብ ተጨማሪው 6 ሜትር ኩብ የቆፋሪው ነጻ ጉልበት ሆኖ ይቀራል። ማንም በነጻ አይቆፍርምና ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጥፋቱን በቆፋሪው «ግድየለሽነት» ላይ መጫን ትክክል አይደለም። ወይ የተጋደለው ቁፋሮ በውሉ ውስጥ ገብቶ ይከፈል፣ ወይ ጉድጓዱ ይደገፍ። በከተማ ቦታ፣ በተለይ የጎረቤት አጥር ሲጠጋ፣ መደገፉ ይረክሳል፤ ለማጋደል የሚሆን ቦታም አይኖርም።

ጅማ ውስጥ በሚገኝ እንጨት መደገፍ ይቻላል። 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ በግድግዳው ላይ ቁመቱን ይቆማል፤ በጣም ለረጠበ አፈር ጣውላዎቹ ይነካካሉ፣ ለተሻለው 30 ሳ.ሜ. ያህል ይራራቃሉ። በጣውላዎቹ ላይ በሁለቱም ጎን ወፍራም አግዳሚ ይጋደማል። ከአግዳሚ እስከ አግዳሚ ውጥረቱን የሚይዘው ደግሞ 15 ሳ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው ጤነኛ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወደ ጎን ቢበዛ በየ1.5 ሜትሩ፣ ወደ ታች በየ1.2 ሜትሩ፣ በሽብልቅ ተመትቶ የሚጠብቅ። የሚገጠመው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቆፋሪው ሁልጊዜ ከተደገፈው ክፍል ሳይወጣ ይሠራል። ሲነሳ ከታች ወደ ላይ፣ አፈር እየተመለሰ። ከ3 ሜትር በላይ ለጠለቀ ጉድጓድ፣ ወይም አጠገቡ ቤትም ሆነ የድንጋይ ግንብ ካለ፣ ይህ ልክ አይበቃም፤ መሐንዲስ አስልቶ ይስጥ።

የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ይራቅ፣ ቦታ ካለ 1 ሜትር። ጠርዝ ላይ የተከመረ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ግድግዳውን የሚገፋው እሱ ራሱ ነው። ጠጠርና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከጠርዙ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ርቆ ይቁም፤ ወደ ኋላ ሲመጣ ረዳቱ መሬት ላይ ወርዶ ይምራው፣ ማቆሚያ የሚሆን ወፍራም ግንድም መሬት ላይ ይጋደም። የጎርፍ ማስቀየሻ በዳገቱ በኩል ይቆፈራል፣ ግን ከጠርዙ 2 ሜትር ርቆና ተዳፋት ተሰጥቶት። ጠርዙ አጠገብ የተቆፈረና ውሃው የማይሄድበት ማስቀየሻ ውሃውን ቀጥታ ወደ ግድግዳው ጀርባ ያስገባል፤ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። መሰላል ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ከጠርዙ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ማንኛውም ሠራተኛ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ሳይሄድ ይድረስበት።

ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው ስንጥቅ ነው፦ ከጠርዙ ግማሽ ሜትርም አንድ ሜትርም ራቅ ብሎ፣ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር። ሣር ካለ ተገልጦ ይታይ። ከግድግዳው እግር ስር ውሃ ማመንጨት፣ ትናንሽ ጓል መንከባለል፣ የውጥረቱ እንጨት መጉበጥ ወይም መላላት፣ የጉድጓዱ ወለል ወደ ላይ ማበጥ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሰው አይግባ። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላም ቼኩ ይደገማል፣ እኩለ ቀን ቢሆንም።

ከተናደ ደግሞ ሰው በደመ ነፍስ ዘሎ ይገባል። ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያ ቅጽበት ነው፣ በተረፈው ግድግዳ ላይ። መጀመሪያ ሌሎቹ ከጠርዙ ይራቁ፣ ሞተር ሁሉ ይጥፋ፣ ለአምቡላንስ ይደወል፣ ግድግዳው በተገኘው ጣውላና አጠና ይወጠር፣ ከዚያ በኋላ በእጅና በአካፋ አፉና ደረቱ ይገለጥ። በኤክስካቫተር ጥርስ ሰው አይፈለግም። በገመድ ጎትቶ ማውጣትም አከርካሪ ይሰብራል።

ውሃ መሳቢያው

በክረምት ለፋውንዴሽን፣ ለሴፕቲክ ታንክና ለውሃ ጉድጓድ የሚቆፈር ሁሉ ውሃ ይሞላዋል። ቤንዚን ሞተር ይመጣል፣ ቱቦው አጭር ስለሆነ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ይህ በደቂቃዎች ይገድላል። የሞተሩ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ራሱ ዞሮት ሲወድቅ ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛውም አብሮ ይወድቃል። ሻማ አውርዶ መሞከር ኦክስጅን ማነሱን ያሳይ ይሆናል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያሳይም፤ ሻማው እየበራ ሰው ይሞታል።

ሞተሩ መሬት ላይ፣ ነፋስ ጭሱን ከጉድጓዱ በሚያርቅበት በኩል፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቀመጣል፤ የሚወርደው መሳቢያ ቱቦው ብቻ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ውሃ መሳብ የሚችለው በተግባር ከ7 ሜትር ያህል አይበልጥም። ከዚያ ከጠለቀ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ እየሠራ ሰው ውሃው ውስጥ አይቆምም። ውሃው የሚሳበው ከጉድጓዱ መሐል ከተሠራች ትንሽ ማጠራቀሚያ ነው፤ ግድግዳው ሥር ከተሳበ አፈሩን አብሮ ይዞ ይወጣል፣ ግድግዳው ከሥሩ ባዶ ይሆናል።

ከቆየ ሽንት ቤት አጠገብ ሲቆፈር ደግሞ ሌላ ጋዝ አለ። በተለይ አፉ በላስቲክ ተሸፍኖ ያደረ ጉድጓድ ጠዋት ወዲያው አይገባበትም። ይከፈት፣ በብሎወር አየር ይነፋ፣ የሚወርደው ሰው ቀበቶ ታጥቆ ገመዱ ከላይ በቆመ ማንሻ ላይ ይታሰር፣ ላይ ሁለት ሰው ሥራ ሳይዝ ይጠብቀው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥልቅ ጉድጓድን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቆፍሮ መጨረስ ነው።

አጠናና ፑንቴሎ

በባሕር ዛፍ የተሠራ መወጣጫ በወግ ከታሰረ ለአንድና ለሁለት ፎቅ ያገለግላል። ከዚያ በላይ የብረት ስካፎልዲንግ ይከራዩ፤ በእርጥብ እንጨት ላይ አራተኛ ፎቅ መውጣት ምንም ዓይነት ቁጠባ አይደለም።

ክረምት ላይ የሚከዳው መጀመሪያ እግሩ ነው። ቋሚው ጭቃ ውስጥ በአንድ ሌሊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል፣ ሌላው አይሰምጥም፣ መደቡ ይጋደላል። ከእያንዳንዱ ቋሚ ሥር 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ ከአንድ ቋሚ እስከ ሌላው የሚደርስ ጣውላ ይነጠፍ። ብሎኬት አያገለግልም፣ ይሰነጠቃል። አጠናው ልጡ ይላጥ፤ ረጥቦ የላላ ልጥ ላይ የታሰረ ሽቦ ከነልጡ ይንሸራተታል። ከእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር ቋሚው ላይ ታኮ ይመታ፣ ሽቦው ቢላላ እንኳ አግዳሚው እንዳይወርድ። ሰያፍ ማጠንከሪያ በውጭው ፊት ከእግር እስከ ራስ ይሂድ፤ የማይወዛወዝ መስሎ የሚታየው ብዙ መወጣጫ ይህ የለውም። ቁመቱ ከጠባቡ የእግር ስፋት 4 እጥፍ ሲደርስ ከኮለን ወይም ከቢም ጋር ይታሰራል። ከመስኮት ፍሬም ወይም ትናንት ከተገነባ ብሎኬት ጋር ማሰር እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

የሚቆሙበት መደብ 60 ሳ.ሜ. ያላነሰ ስፋት ይኑረው። ጣውላው ጫፉ ከድጋፉ ከ15 እስከ 30 ሳ.ሜ. ይለፍ፤ ካነሰ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ጫፉን የረገጠ ሰው ይዞት ይገለበጣል። መከላከያ አግዳሚ በ1 ሜትር ከፍታ፣ ሌላው በ50 ሳ.ሜ.፣ ከእግር ሥር ደግሞ ዕቃ እንዳይወድቅ 15 ሳ.ሜ. ጣውላ። በባሬላ የሚወጣበት መንገድ ላይ በየ30 እና 40 ሳ.ሜ. መርገጫ ይመታ፣ ጠዋትና ከዝናብ በኋላ ጭቃው ይጠረግና አሸዋ ይነስነስበት።

ፑንቴሎ (አርማታ ሲሞላ ከሥር የሚደግፈው ቋሚ እንጨት) ላይ ግን ቆም ብዬ ላስረዳ፣ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለል፣ ሲሞላ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። 15 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል። ካሳውን (አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ)፣ ሰዉንና ባሬላውን ስንደምር ከ500 ኪሎ ያልፋል። ፑንቴሎ በየ1 ሜትሩ ከቆመ አንዱ እግር ይህን ሁሉ ይሸከማል። 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው አጠና እግሩ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ6 ኪሎ በላይ ይጫናል ማለት ነው። ዝናብ የጠጣ ሸክላ 1 ኪሎውን እንኳ በቅጡ አይችልም። ከሥሩ 25 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ወፍራም ጣውላ ሲነጠፍ ግን ጫናው ከግማሽ ኪሎ በታች ይወርዳል። አዲስ የተሞላ አፈር ላይ ከሆነ አፈሩ በደንብ ተጠቅጥቆ ገረጋንቲ ይነጠፍበት፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም ከፑንቴሎዎቹ እግር ይራቅ። ከሙሌቱ በፊት በነበረው ሌሊት ከዘነበ እያንዳንዱ ሽብልቅ በመዶሻ ይነካ፤ ላልቶ የሚንኳኳው እግሩ ሰምጧል። አርማታ እየተሞላ ከካሳው ሥር ሰው አይለፍ፤ አንድ ልምድ ያለው አናጺ ብቻ ከዳር ቆሞ ይመልከት።

አርማታ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ የጅማ የሐምሌ ሌሊት ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። የሶሌታ ፑንቴሎ ከ14 ቀን፣ የቢም ከ21 ቀን በፊት አይነካ፣ መሐንዲሱ ይቆይ ካለም ይቆይ። ጣውላውን ለሌላ ፎቅ እፈልገዋለሁ ብሎ ቀድሞ ማንሳት የታወቀ ስህተት ነው። አዲስ የብሎኬት ግድግዳም በዝናብ ሞርታሩ ቶሎ አይዝም፤ በቀን ከ6 ረድፍ፣ ማለትም ከ1.2 ሜትር፣ አይበልጥ፣ ማታ በአጠና ይደገፍ።

ሽቦና መብረቅ

የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፣ ለረጠበ ሰው ከበቂ በላይ። ሚክሰሩ፣ ቫይብሬተሩ፣ የብየዳ ማሽኑ የሚቀጠሉት 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ በራሱ በሚቆርጥ ብሬከር በኩል መሆን አለበት። ተራው ብሬከር ገመዱን ከመቃጠል ያድናል፣ ሰውን አያድንም። በየቀኑ ጠዋት የመሞከሪያው ቁልፍ ይጫን፤ ካልቆረጠ ማሽን አይነሳ። የሚክሰሩ አካል ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ። ገመድ መሬት ላይ አይሂድ፣ በአጠና ላይ ከ2 ሜትር በላይ ይንጠልጠል። በቴፕ የተቀጠለ ገመድ ኩሬ ውስጥ ሲተኛ ኩሬው ሁሉ ሽቦ ይሆናል።

ፌሮ (የአርማታ ብረት) ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። የመንገድ ዳሩ መስመር ብዙ ቦታ 15 ሺህ ቮልት ይሸከማል፣ ብረቱ ሳይነካውም ኤሌክትሪኩ ሊዘል ይችላል። በሁለት ሰው ተጋድሞ ይሂድ፣ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ ከሥሩ ፌሮም ቆርቆሮም አይከመር።

ነጎድጓድ ሲመጣ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ይቆጠር። 30 ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልራቀ ነው፤ ከጣሪያ፣ ከመወጣጫ፣ ከፌሮ ላይ ሁሉም ይውረድ። ዛፍ ሥርና በአራት አጠና የቆመ የቆርቆሮ ዳስ መጠለያ አይደሉም፤ ያለቀ ቤት ወይም በሩ የተዘጋ መኪና ነው። ወደ ሥራ መመለስ ከመጨረሻው ድምፅ 30 ደቂቃ በኋላ። የጣሪያ ሥራ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ከደረቀ በኋላ፣ ይመደብ።

እግሩ

ቦቲ ጫማ ያልለበሰ ሰው ጭቃ ውስጥ አይግባ። ከተፈታ ካሳ የወደቀ ምስማር ጭቃው ይሸፍነዋል፣ ለቲታነስም ጥሩ መንገድ ነው፤ ጣውላ ሲፈታ ምስማሩ በዚያው ይነቀል፣ ሠራተኛው የቲታነስ ክትባት መውሰዱ ይጠየቅ። በቀይ ሸክላ ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሥራትም እንደ ዝሆኔ እግር የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል፤ ከአፈሩ እንጂ ከትንኝ አይደለም፣ ጫማና በየቀኑ እግር መታጠብ ይከላከለዋል። አርማታ ቦቲው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቆዳን እንደ አሲድ ይበላል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚሰማ ሠራተኛው እስከ ማታ ይዞት ይውላል። ወዲያው ጫማው ይውለቅ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። አንድ በርሜል ንጹህ ውሃ ለዚህ ብቻ ይቀመጥ፣ ክዳን ይኑረው፤ ክፍት በርሜልና ያልተደፈነ ጉድጓድ የትንኝ መፈልፈያ ነው።

ያቆመ ሰው ደመወዝ

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፎርማኑ ሳይቱን ዞሮ «ዛሬ ጉድጓድ አይገባም» ሲል የቀን ሠራተኛው የዕለት እንጀራው ተቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ «ግድ የለም፣ እንገባለን» ይላል። ይህን የሚፈታው ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አይደለም። በክረምት ለቆመ ቀን ቢያንስ ግማሽ ክፍያ በበጀቱ ይያዝ፣ ወይም ፌሮ ማሰርና ጣውላ ማጽዳት የመሰለ በጣሪያ ሥር የሚሠራ ሥራ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። የጠዋቱ ማብራሪያ በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የሚመጣው ሠራተኛ ብዙው የሚሰማው በሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የደህንነት ጥበቃን የአሠሪ ግዴታ ያደርገዋል፤ የጽሑፍ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛም ሠራተኛ ነው።

መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ትወጣና ሁሉም ይዘናጋል። አፈሩ ግን ውስጡ እስከ ጥቅምት ድረስ እርጥብ ነው፣ ላይኛው ብቻ ደርቆ ይሰነጠቃል። የረጠበው አጠናም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሐምሌ የታሰረው ሽቦ ሁሉ ይላላል። በእነዚህ ሳምንታት የጉድጓድ ድጋፍ አይነሳም፣ የመወጣጫው ማሰሪያ በሙሉ እንደገና እንዲጠብቅ ይደረጋል።